ጠንካራው የካርታ ትሪክ የቱ ጋ ይግባ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምትሃት ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው አንድ የሚኮራበት የካርታ ትሪክ አያጣም። ጣጣው የሚመጣው ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ማስፈር ሲጀምር ነው። ቀድሜ ላሳየው? ላቆየው? መሐል ልወሽቀው? በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አስቀምጫለሁ። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አቋም አለበት። የማትስማሙበት ካለ መድረክ ላይ ሞክራችሁ ፍረዱ።

ያለኝ ምርጥ ትሪክ የካርታ ነው። መጨረሻ ላይ ላድርገው አይደል?

የግድ አይደለም። "ምርጡን ለመጨረሻ አቆይ" የሚለው ምክር ልክ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ስለ ጥንካሬው ከማሰባችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጉዱ የሚፈነዳው የት ነው? አንድ ሰው መዳፍ ውስጥ ነው ወይስ ሁሉም በሚያየው ቦታ?

አንዲት ተመልካች በሁለት መዳፏ ጭምቅ አድርጋ የያዘችው ካርታ ሌላ ሆኖ ሲገኝ እሷ ትጮሃለች፣ አጠገቧ ያሉትም ይጮሃሉ። ኋላ የተቀመጠው ሰው ግን ያየው ካርታውን ሳይሆን የምትጮህ ሴት ነው። ደስታዋ ይጋባበታል፣ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፤ ጉዱን ግን እሱ ራሱ አላየውም። እንዲህ ዓይነቱ ትሪክ የቱንም ያህል ቢጠነክር መዝጊያ መሆን ይከብደዋል። በአንጻሩ ተመልካቹ የፈረመበት ካርታ ጠፍቶ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ሲያየው ከቆየ የታሸገ ፖስታ ውስጥ ቢወጣ፣ ፊርማው ከሩቅ ባይነበብ እንኳ የሆነው ነገር እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ይገባል። ይኼኛው መዝጊያ ይሆናል።

ስለዚህ ቦታውን ስትመድቡ ትሪኩ የሚያልቅበትን ቅጽበት እዩ። አጀማመሩ ያን ያህል አይወስነውም።

ቆይ፣ "ጠንካራ" የሚባለው ትሪክ ግን የቱ ነው?

ለመሥራት የከበደ ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ወራት ሙሉ መስታወት ፊት የለፋችሁበት የእጅ ሥራ የሙያ ጓደኞቻችሁን ሊያስደንቅ ይችላል። ተራ ተመልካች ግን ልፋቱን አያየውም፣ ማየትም የለበትም።

የእኔ መለኪያ ወሬ ነው። ተመልካቹ ቤቱ ገብቶ ያየውን ባንድ ትንፋሽ ማውራት ይችላል? ምትሃተኛው ፖል ከሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣውን ትሪክ ውሰዱ። ተመልካቹ ፊታቸው የተደፋ ካርታዎችን ሳያይ፣ በደመ ነፍስ ብቻ "ይኼ ቀይ፣ ይኼ ጥቁር" እያለ ይለያል። ሲገለጡ ሁሉም ልክ ናቸው። ወሬው "ሳላያቸው ቀዩን ከጥቁሩ ለየሁት" ነው፣ አለቀ። ከዚህ ጋር ደግሞ አራት ካርታ እዚህ፣ ሦስት እዚያ፣ ሁለቱ ተለዋወጡ፣ ከዚያ አንዱ ሰማያዊ ጀርባ ሆነ፣ ቆይ መጀመሪያ ቀይ ነበር እንዴ... የሚባለውን ትሪክ አወዳድሩ። ስታወሩት እናንተ ራሳችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ያ ትሪክ ውስብስብ እንጂ ጠንካራ አይባልም።

ሌላው ምልክት ጭብጨባው የሚመጣበት ሁኔታ ነው። ደካማ ትሪክ ላይ ሰው ወዲያው ያጨበጭባል፣ ምክንያቱም ማለቁን አይቷል። ጠንካራው ላይ መጀመሪያ ጸጥታ አለ፣ ከዚያ "እንዴ!" ይመጣል፣ ጭብጨባው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

መክፈቻ ላይ ባደርገውስ? ሰዉን ገና ከበሩ ለመያዝ?

አብዛኛውን ጊዜ አልመክርም። በመክፈቻው ሰዓት ሰው ገና ወንበሩን እያስተካከለ ነው። ስልኩን ድምፅ አልባ እያደረገ ነው። ከሁሉም በላይ እናንተን እየገመገመ ነው፤ ይሄ ሰው ማነው፣ ያስቃል፣ ይኮራል፣ ያሸማቅቀኝ ይሆን? ጠንካራ የካርታ ትሪክ ደግሞ ትኩረት ይጠይቃል። ካርታ ይመረጣል፣ ይታያል፣ ይመለሳል፣ ይበወዛል። "አንድ ካርታ ምረጡ" ብሎ የሚጀምር መክፈቻ ሰዉ እናንተን ሳያውቃችሁ ውለታ መጠየቅ ነው።

መክፈቻ አጭር፣ የሚታይ፣ ማብራሪያ የማይፈልግ ይሁን። ካርታ መሆኑ አይከለከልም። ምትሃተኛው ካርዲኒ (1895–1973) ዝናውን ያተረፈው አንድም ቃል ሳይናገር በሚሠራው ትርኢት ነው። ሞቅ ያለው የሚመስል ጨዋ ሰው ሆኖ ይወጣል፣ ጓንት ባጠለቀ እጁ ላይ ካርታ በካርታ ላይ ይወለዳል፣ እሱ ራሱ ግራ ይገባዋል። የሚመረጥ ካርታ የለም፣ የሚታወስ ነገር የለም። እንዲህ ያለው ካርታ ለመክፈቻ ይሆናል።

ሌላም ችግር አለ። መጀመሪያ ላይ ጣሪያ ከነካችሁ ቀሪው ትርኢት በሙሉ ከዚያ ጋር እየተለካ ይወርዳል። ያላችሁ ጊዜ አምስት ደቂቃ ብቻ ከሆነና አንድ ትሪክ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ርሱት፣ ግቡና ሥሩት።

መሐል ላይ ካስገባሁት አይረሳም ወይ?

ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። ቤኔት መርዶክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት ሰዎች የቃላት ዝርዝር ከሰሙ በኋላ በደንብ የሚያስታውሱት መጀመሪያና መጨረሻ ያሉትን እንደሆነ፣ መሐል ያሉት ደግሞ እንደሚጠፉ አሳይቷል። ምትሃተኞች ይህን ወስደው "መሐል ያለው ይሞታል" ይላሉ።

ግን ያ ዝርዝር ሁሉም ቃል እኩል የሆነበት ነው። ትርኢት እንደዚያ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ሌላ ሙከራ አለ። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ ይነክራሉ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ ካሳለፉ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ይጨመርባቸዋል፣ ውኃው ግን በትንሹ ወደ 15 ዲግሪ ይሞቃል። የቱን መድገም ትፈልጋላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ስቃዩ በዝቶ እያለ! ሰው አንድን ነገር መለስ ብሎ ሲመዝን የሚይዘው ከፍተኛውን ቅጽበትና ማብቂያውን ነው፤ ርዝመቱን ያን ያህል አይቆጥረውም። በእርግጥ ውኃ ውስጥ እጅ መንከርና ካርታ ማየት አንድ አይደሉም፣ ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ከፍታውና ማብቂያው ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ሁለቱንም ባንድ ትሪክ ለመሸፈን መታገል አያስፈልግም።

ስለዚህ እኔ ጠንካራውን የካርታ ትሪክ የማስቀምጠው ከመጨረሻው በፊት ባለው ቦታ ነው። እዚያ ሲደርስ ሰዉ ለምዷችኋል። ማን ሳቂታ እንደሆነ፣ ማን መድረክ ላይ ቢወጣ እንደሚተባበር፣ ማን ደግሞ ካርታውን "ረሳሁት" ብሎ ጉድ እንደሚያደርጋችሁ እናንተም ለይታችኋል። ተመልካቹ ዝም ብሎ ሁለት ሦስት ደቂቃ ለመከታተል ፈቃደኛ ነው፣ ምክንያቱም እስካሁን ያሳያችሁት ነገር ክሶታል። ካርታ የሚፈልገው ይህን ትዕግሥት ነው። ከዚያ የመጨረሻው ትሪክ ትልቅ፣ ቀላል፣ ዓይን የሚሞላ ይሁን። ከካርታው የበለጠ ማስደነቅ አይጠበቅበትም፤ ሰዉን ከወንበሩ ማንሳት ከቻለ ይበቃዋል።

ከእሱ በኋላ ምን ይምጣ?

ሌላ የካርታ ትሪክ አይምጣ! ሰው ገና አፉን ሳይዘጋ "አሁን ደግሞ ሌላ ካርታ ምረጡ" ሲባል የመጀመሪያውን መርሳት ይጀምራል። አሊያም ሁለቱን ማነጻጸር ይጀምራል፣ ይሄኛው የባሰ ነው።

የሚከተለው ነገር በዕቃው ብቻ ሳይሆን በታሪኩም ይለይ። የተፈረመበት ካርታ ጠፍቶ ከኪስ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ የተፈረመበት የብር ኖት ጠፍቶ ከፍራፍሬ ውስጥ ቢገኝ ለእናንተ ሁለት የተለያዩ ትሪኮች ናቸው፣ የተለያየ ልምምድ፣ የተለያየ ዝግጅት። ለተመልካቹ ግን "ተፈረመበት፣ ጠፋ፣ የማይሆን ቦታ ተገኘ" ነው፣ ያው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ። አንዱን ምረጡ። ዘዴውም ቢሆን አደጋ ላይ ይወድቃል፤ አንድ ዓይነት ጨዋታ ሁለቴ ያየ ሰው ሁለተኛው ላይ የት ማየት እንዳለበት ያውቃል።

እኔ ቀጥሎ የምወደው አጭር የሚያስቅ ነገር ነው። ገመድ፣ ቀለበት፣ ወይም አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቀልድ። ሰዉ ይተንፍስ፣ ከዚያ መዝጊያው ይግባ።

የእኔ ትርኢት ከጫፍ እስከ ጫፍ ካርታ ነው። ያኔስ?

ያኔ ሥራችሁ ይበዛል፣ ግን ይቻላል። አሜሪካዊው ምትሃተኛ ሪኪ ጄይ እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ ላይ ሙሉ ትርኢት በአንድ ጥቅል ካርታ ይዞ ሰዉን አስቀምጧል። ምስጢሩ ካርታው አንድ ቢሆንም የሚሠራበት ነገር ብዙ መሆኑ ነው። ስለ ቁማር አጭበርባሪዎች ያወራል፣ ታሪክ ይተርካል፣ መሐል ላይ ካርታ እየወረወረ ሐብሐብ ልጣጭ ላይ ይሰካል። አርጀንቲናዊው ምትሃተኛ ሬኔ ላቫንድ ደግሞ በልጅነቱ ቀኝ እጁን በአደጋ አጥቶ ዕድሜውን ሙሉ በግራ እጁ ብቻ ካርታ ሠርቷል። የእሱ መንገድ ዝግታና ተረት ነበር። እየቀነሰ፣ እያቀዘቀዘ ሲሄድ ሰዉ ይበልጥ ይጠጋል።

ትሪኮቻችሁን ቁጭ ብላችሁ በዓይነት መድቧቸው። የተመረጠ ካርታ ማግኘት፣ መለወጥ፣ ከቦታ ቦታ መሄድ፣ የተበወዘ ጥቅል በራሱ መደርደር፣ ቁማር፣ ሐሳብ ማንበብ። ብዙዎቻችን ዝርዝሩን ስንሠራ ከሰባት ትሪክ አምስቱ "የመረጥከውን ካርታ አገኘሁት" ሆኖ እናገኘዋለን። ከአምስቱ ጠንካራውን ብቻ አስቀሩ።

አንድ ነገር እየደጋገመ የሚሄድ ትሪክስ? ካርታው ሁሌ ወደ ላይ የሚወጣውን ማለቴ ነው።

መሐል የተከተተው ካርታ ደጋግሞ ጥቅሉ አናት ላይ የሚገኝበትን ማለታችሁ ነው። ይህ ድጋሚ የሚፈቀድለት ብርቅ ትሪክ ነው። የካርታ ምትሃተኛው ዳይ ቨርነን እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ውስጥ ከእስር በማምለጥ ትርኢቱ የታወቀውን ሁዲኒን ግራ ያጋባው በዚህ ነው። ሁዲኒ አንድን ትሪክ ሦስት ጊዜ ካሳዩት ዘዴውን እንደሚደርስበት ይፎክር ነበር። ቨርነን ደጋግሞ አሳየው፣ ሁዲኒ አልደረሰበትም። ቨርነን "ሁዲኒን ያሞኘው ሰው" የሚለውን ስም ዕድሜ ልኩን ይዞት ኖረ።

ችግሩ ይህ ትሪክ በተፈጥሮው ማብቂያ የለውም። ሌላ አንድ ጊዜ ሁሌም መጨመር ይቻላል፣ እጃችን ደግሞ መጨመር ይወዳል። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው የጠበቀ መሆን አለበት፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ ወጣ፣ ቀጥሎ በዝግታ፣ ቀጥሎ በተመልካቹ እጅ። መጨረሻው ደግሞ ከዚያ መስመር ይውጣ፦ ካርታው አናት ላይ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ወይም አፍ ውስጥ ይገኝ። በዚህ መልክ ከተቋጨ ከመሐል እስከ መጨረሻ የትም ይገባል። ሳይቋጭ ከቀረ የትም አይገባም።

ካርታው አስቀድሞ መደርደር ካለበትስ?

እዚህ ላይ ጥበብ ቀርቶ ሎጂስቲክስ ይወስናል። የተደረደረ ካርታ የሚፈልገው ትሪክ ካርታ ከሚያስበውዘው ትሪክ በፊት ይምጣ፣ ወይም የራሱ ጥቅል ይኑረው። የሚቀደድ ወይም ለተመልካች የሚሰጥ ካርታ ካለ ከዚያ በኋላ በእጃችሁ ያለው 51 ነው፤ 52ቱም የሚያስፈልጉት ትሪክ ቀድሞ ይሠራ። ጀርባቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጥቅሎች ከያዛችሁ ደግሞ የቱ ኪስ ውስጥ የቱ እንዳለ ጻፉት። መድረክ ላይ ቆሞ ኪስ መዳበስ ያስጠረጥራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በየትሪኩ ማብቂያ ላይ ካርታው በምን ሁኔታ፣ በየትኛው እጅ፣ ጠረጴዛው ላይ ምን ቀርቶ እንደሚሆን በአንድ መስመር አስፍሩ። የሁለት ትሪኮች መስመር ካልገጠመ ቅደም ተከተሉን ቀይሩ። ብዙ ጊዜ የቦታ ጥያቄው እዚሁ ላይ በራሱ ይመለሳል።

ትልቅ አዳራሽ ውስጥስ?

የተለመደው የፖከር ካርታ ወደ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው። ከኋላ ረድፍ ቁጥሩ አይታይም። የካርታ ምትሃተኛው ሺን ሊም እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የምትሃት ሻምፒዮና፣ በ2018 ደግሞ በአሜሪካ የቴሌቪዥን የችሎታ ውድድር ያሸነፈባቸው ትርኢቶች ልብ ይሰርቃሉ፣ ግን ቅርብ የሆነ ዓይን ወይም ካሜራ ይፈልጋሉ። ካሜራና ስክሪን ከሌላችሁ ያንን ዓይነት ሥራ ትልቅ መድረክ ላይ አትውሰዱት።

ካሜራ ከሌለ ካርታውን ማየት የማያስፈልግበትን ትሪክ ምረጡ። የካርታው ስም ጮክ ብሎ ይነገር፣ ሁሉም ይስማ፤ ካርታው የቱ እንደሆነ አንዴ ካወቁ ከዚያ በኋላ ዓይናቸው የሚሆነው የተመልካቹ ፊት ነው። ምትሃተኛው ሃዋርድ ተርስተን በትልልቅ ቲያትሮች ይሠራው የነበረው፣ በስም የተጠሩ ካርታዎች ከጥቅሉ ተነስተው ወደ ላይ ወዳለው እጁ የሚወጡበት ትሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቁጥሩ ባይነበብም እንቅስቃሴው ይታያል። ሌላው ምትሃተኛ ማክስ ማሊኒ ዓይኑ ታስሮ ጠረጴዛ ላይ ከተበተኑት ካርታዎች መሐል የተመረጠውን በቢላ ሲወጋም እንደዚያው ነው። ቢላ እንኳን ከሩቅ ይታያል፣ ያስፈራልም።

ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞርኩ ስሠራስ?

እዚያ ደንቡ ይገለበጣል። ጉዱ የሚፈነዳው ከሁሉም ፊት በክንድ ርቀት ነው፣ ስለዚህ ጠንካራው የካርታ ትሪክ መጨረሻ ላይ ይሁን። የተፈረመበት ካርታ ከሆነ ትታችሁላቸው ሂዱ። ቀጣዩ ጠረጴዛ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት መልሶ መዘጋጀት የማይችል ትሪክ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ትሪኩ ቢከሽፍብኝስ?

ይህም ቦታ ይወስናል። ውጤቱ በተመልካቹ ትውስታ ወይም ትብብር ላይ የቆመ ትሪክ መጨረሻ ላይ አይቀመጥ፤ ከኋላው የሚያድን ነገር የለውም። ከመጨረሻው በፊት ቢበላሽ ስቃችሁ ታልፉታላችሁ፣ መዝጊያው ይክሳል። የተመረጠውን ካርታ ቢያንስ ለሦስት አራት ሰዎች አስዩት። ሁሉም አንድ ላይ አይረሱትም።

የቱ ቦታ እንደሚሻል እንዴት ልፈትን?

ድምፅ ቅዱ። ቪዲዮ ራሳችሁን ያሳያችኋል፣ ድምፅ ሰዉን ያሳያችኋል። ትሪኩን ለተወሰኑ ትርኢቶች አንድ ቦታ ላይ ሥሩት፣ ከዚያ እሱን ብቻ አንሥታችሁ ሌላ ቦታ ሥሩት፣ ሌላውን ሁሉ አትንኩ። ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ስታዳምጡ የካርታውን ጭብጨባ ብቻ አትስሙ። ቀጥሎ ያለው ትሪክ ስንት ሰከንድ ሲሆነው ሰዉ መሳቅ ወይም ምላሽ መስጠት ጀመረ? ቀጣዩን የሚገድል ቦታ ላይ ከሆነ፣ ካርታው የቱንም ያህል ቢያስጮህ ቦታው አይደለም።

ካበቃሁ በኋላ "አንድ ጨምር!" ቢሉኝስ?

ጨምሩ፣ ግን ያንን አትድገሙት፣ እሱን የሚፎካከር ነገርም አታውጡ። ሰላሳ ሰከንድ የማይሞላ፣ ካርታ የሌለበት ነገር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ሠርታችሁ ውረዱ።